ስድስት ደቂቃ እና አንድ ቡጢ

ዊላን መጀመሪያ ያየኋት ከግድግዳ ጋር ስታወራ ነው።

ጥር ወር ነበር። የሒሳብ ክፍለ ጊዜዬን ጨርሼ ወደ መምህራን ማረፊያ ስሄድ ኮሪደሩ ላይ አስራ አንድ ተማሪዎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆመዋል። አፍንጫቸው ግድግዳውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። እጃቸውን እያወናጨፉ ሁሉም የየራሱን ያወራል። አንዱ ስለሞተችበት ውሻ፣ ሌላው ሐይቁ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ በረዶው ስለከዳው አጎቱ። ከሁሉም ጫፍ አስራ ሁለተኛዋ አለች፤ አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላለች። ተማሪ መስላኝ ትከሻዋን ነካ አደረግኳት።

«አንቺ፣ ማነው የቀጣችሁ?»

ዞር አለች። ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆናታል።

«ቅጣት አይደለም፣ ልምምድ ነው» አለች። «እርስዎ ማን ነዎት?»

«አርኒ ሎቬን። የሒሳብ መምህር ነኝ።»

«ዊላ ኦስትቢ። የእንግሊዝኛ ምትክ መምህር።» ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ሚስተር ሎቬን፣ ከግድግዳ ጋር አውርተው ያውቃሉ?»

«አስራ ስምንት ዓመት አስተምሬያለሁ» አልኳት።

ከት ብላ ሳቀች። ቀልድ መሆኑ የገባኝ እሷ ከሳቀች በኋላ ነው።

ትምህርት ቤታችን በየዓመቱ በመጋቢት የመጨረሻ ቅዳሜ የንግግር ቀን ያዘጋጃል። ተማሪዎች በስፖርት አዳራሹ ውስጥ በከተማው ሕዝብ ፊት አንድ በአንድ እየወጡ ልብ የሚያነሳሳ ንግግር ያደርጋሉ። ለእያንዳንዳቸው ስድስት ደቂቃ ይሰጣቸዋል። ሰዓት ያዡ እኔ ነኝ። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ አምስት ደቂቃ ሲቀር አምስት ጣት፣ አራት ሲቀር አራት ጣት አሳያለሁ። ጊዜው ሲያልቅ ጣቶቼን ጨብጬ ቡጢ አነሳለሁ። ቡጢ ያየ ሰው ቃሉን እንኳን ሳይጨርስ ያቆማል፤ ካላቆመ ይሰረዛል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለማንም ትርፍ ሰከንድ ሰጥቼ አላውቅም። የዳይሬክተራችን የሚስተር ዱፌክ ልጅ እንኳን እያለቀሰች ነው የወረደችው።

ተማሪዎቹን የምታሰለጥነው መምህርት ልትወልድ ስለሄደች ዱፌክ ዊላን ከዱሉት ከተማ ለአንድ መንፈቅ አስመጣት። እኔም ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ሰዓቴን ይዤ እንድገኝ ታዘዝኩ።

እንዲህ የሚያስተምር ሰው አይቼ አላውቅም።

«‹ሕልማችሁን ተከተሉ› የሚል ወረቀት ካመጣችሁልኝ እበላዋለሁ» አለቻቸው በመጀመሪያው ቀን። «እዚሁ ፊታችሁ! ያያችሁትን ንገሩኝ። በእጃችሁ የነካችሁትን።»

ብሪን የምትባል የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ አባቷ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ይነዳል። ስለ ትጋት ሁለት ገጽ ጽፋ መጣች። ዊላ አንብባ ወረቀቱን ገለበጠችው።

«አባትሽ ጠዋት ከቤት ሲወጣ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም። ጓንቱን ከማሞቂያው ላይ ያነሳና ይወጣል።»

«ማነው ጓንቱን እዚያ የሚያስቀምጠው?»

«እኔ» አለች ብሪን። «ከትንሽነቴ ጀምሮ።»

«ከጓንቱ ጀምሪ» አለቻት ዊላ።

ሁለተኛው ትምህርቷ ይህ ነበር፤ መጀመሪያ ለግድግዳ አውሩ፣ ሲበቃችሁ ለአንድ ሰው አውሩ። ለሁለት መቶ ሰው ማውራት አይቻልም፤ አንድ ፊት መምረጥ ነው። ሁሉም የኔን ፊት መረጡ።

«ለምን እኔን?» አልኳቸው።

«ፊትዎ ላይ ምንም የለም ሚስተር ሎቬን» አለችኝ ብሪን። «አያስፈራም፣ አያስቅም። እንደ ግድግዳው ነው፤ ልዩነቱ እርስዎ መስማትዎ ነው።»

ልጆቹ ተንከተከቱ። ዊላ ግን አልሳቀችም። ትንሽ ቆየት ብላ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከልምምድ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብለን ከፔርሙዟ የዱር ሩዝ ሾርባ ታካፍለኝ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት አንተ አለችኝ። እኔም አንቺ አልኳት።

«አርኒ፣ አንተ ስታወራ ሰምቼህ አላውቅም እኮ።»

«ይኸው እያወራሁ አይደል?»

«ይሄ መልስ መስጠት ነው።»

ወደድኳት። ማክሰኞና ሐሙስን ከሌሎቹ ቀናት የበለጠ መጠበቅ ጀመርኩ፤ ሾርባ የማልወድ ሰው ሾርባ ወደድኩ። ለማንም አልነገርኩም፤ ለእሷም ጭምር።

መጋቢት ሲጋመስ፣ የወለደችው መምህርት እንደማትመለስ ተናገረች። ዱፌክ ለዊላ ቋሚ ሥራ አቀረበላት። ዱሉት ያሉትም ይፈልጓታል። ከንግግሩ ቀን በኋላ ባለው ሰኞ መልስ መስጠት አለባት።

«ምን ልትያቸው ነው?» አልኳት።

ፔርሙዟን እየከደነች አየችኝ። «የሚያስቀረኝ ነገር ካለ እቀራለሁ።»

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን፣ «የጡረታ አበሉ ጥሩ ነው» አለ።

«አዎ» አለች። «ሰምቻለሁ።»

በልማዳችን የንግግሩን ቀን የሚከፍተው አሰልጣኙ ነው። ቀኑ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ዊላ የራሷን የመክፈቻ ንግግር በተማሪዎቿ ፊት ልትለማመድ ተነሳች። እኔ እንደ ወትሮው ፊት ወንበር ላይ ነኝ። ሰዓቱን ተጫንኩ። የኔን ፊት መረጠች።

«እኛ ዘንድ እንግዳ ‹እንግዲህ ልነሳ› ብሎ ጉልበቱን መታ ያደርጋል» ብላ ጀመረች። «ከዚያ ካፖርቱን ለብሶ በሩ ላይ አንድ ሰዓት ይቆማል። ልጅ ሆኜ በካፖርቴ ውስጥ በሙቀት እየተቀቀልኩ አለቅስ ነበር። ሳድግ ገባኝ። ወላጆቼ ቁም ነገር ሁሉ የሚናገሩት እዚያ በሩ ላይ ነው። ማን እንደታመመ፣ ማን ማንን ይቅር እንዳለ። ተቀምጠን መናገር አንችልበትም...»

ልጆቹ ሳቁ። እነሱም የሚያውቁት ነው። አራት ጣት። ሦስት ጣት።

«አራት ከተማ ውስጥ በር ላይ ቆሜያለሁ። በየከተማው አንድ ሰው ‹ካፖርትሽን አውልቂ› እስኪለኝ ጠብቄያለሁ። ማንም አላለኝም፤ ሄድኩ።»

አንድ ጣት።

«እዚህም ከጥር ጀምሮ ካፖርቴን እንደለበስኩ ነኝ። ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው አለ። ለእሱ ማለት የምፈልገው...»

ቡጢ አነሳሁ።

ምን ልበላችሁ! ሰዓቱ ስድስት ደቂቃ ብሏል፤ እጄ ራሱ ነው የተነሳው። ዊላ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ከዚያ አፏን ዘጋች፤ ሕጉን ያስተማረቻቸው እሷ ናትና።

«ስድስት ደቂቃ ከሁለት ሰከንድ» አልኩ። «ሁለት ሰከንድ ማሳጠር አለብሽ።»

«ገባኝ» አለች ወረቀቷን እየሰበሰበች። «አመሰግናለሁ፣ ሚስተር ሎቬን።»

ሚስተር ሎቬን ማለቷን አስተውያለሁ። ሌላውን አላስተዋልኩም።

በማግስቱ ዊላ የመክፈቻ ንግግር እንደማታደርግ ለዱፌክ ነገረችው። ወደ ዱሉት እንደምትመለስም ነገረችው። ያን ቀን ብሪን ከክፍል በኋላ ቀርታ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች።

«የምርዎን ነው?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ቡጢውን ያሳዩአት!»

«ጊዜው ደርሶ ነበር።»

«ለእርስዎ እኮ ነው ስታወራ የነበረው!»

«ሁላችሁም ለኔ ነው የምታወሩት። ፊቴ ባዶ ስለሆነ።»

«ያ እኛ ያልነው ነው» አለች ብሪን። «ሚስ ኦስትቢ ባዶ ነው ብላ አታውቅም።»

ቾኩ በእጄ እንዳለ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የአርባ አንድ ዓመት ሰው፣ በአስራ ሰባት ዓመት ልጅ አስረጂነት!

ወጥቼ መኪና ማቆሚያው ጋ ደረስኩባት። የመኪናዋ መስታወት ላይ ያለውን በረዶ ትፍቃለች።

«ዊላ፣ ሰዓቱ...»

«ሰዓቱ ልክ ነበር» አለች ሳትዞር። «እርስዎ ሁልጊዜ ልክ ነዎት።»

መኪናዋን አስነስታ ሄደች።

እኔም ወደ ዱፌክ ቢሮ ገባሁ። «መክፈቻውን እኔ አደርገዋለሁ» አልኩት።

«አመመህ እንዴ?»

«ሳይሆን አይቀርም።»

ሳምንቱን በሙሉ ከግድግዳ ጋር አወራሁ። ብሪን ከኋላዬ ቆማ ፖም እየገመጠች ታርመኛለች።

«ሪፖርት ያቀርባሉ እንዴ? ከጓንቱ ይጀምሩ!»

«ጓንት የለኝም።»

«የራስዎን ጓንት ይፈልጉ!»

ፈለግኩ። ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ሰዓቴ።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሰዓት የሚይዝ ሰው ሲጠፋ ዱፌክ ሰዓቱን ለዊላ ሰጣት፤ ምልክቶቹን በደንብ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። ሻንጣዋ መኪናዋ ውስጥ ነው ብለውኛል፤ ልጆቹ እንደጨረሱ በቀጥታ ወደ ዱሉት ልትነዳ ነው።

ወጣሁ። አንድ ፊት መረጥኩ።

«ያን ሰዓት ዘጠኝ ዓመት ይዤዋለሁ» አልኩ ወደ ዊላ እጅ እያመለከትኩ። «አባቴ እሁድ እሁድ ይደውልልኝ ነበር። ከሦስት ደቂቃ በላይ አናወራም። ሦስት ደቂቃ ሲሆን ‹በል እንግዲህ አባባ› የምለው እኔ ነኝ። አባቴ ሞተ። በአራተኛው ደቂቃ ሊለኝ የነበረውን አላውቅም። ምናልባት ስለ መኪናው ዘይት ይሆናል። ግን አላውቅም።»

ዊላ ሦስት ጣት አሳየች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

ስለ ተማሪዎቹ ተናገርኩ። በቡጢዬ ስላቋረጥኳቸው ዓረፍተ ነገሮች ተናገርኩ። የዱፌክን ልጅ በስሟ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ከኋላ «ይቅር ብያለሁ!» ብላ ጮኸች፤ ሰው ሳቀ።

ሁለት ጣት። አንድ ጣት።

«ከዘጠኝ ቀን በፊት አንድ ሰው ለኔ ይናገር ነበር» አልኩ። «የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ቡጢ አነሳሁ። ከዚያ ወዲህ የቀረውን እንደ ሒሳብ ላሰላው ሞከርኩ፤ አልተሰላም። የማውቀው የራሴን ነው። ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰው የወደድኩት የለም፤ እሷ ስትናገር ደግሞ እኔ የማየው ሰዓት ነበር። ዛሬ ግን መናገር የምፈልገው...»

ቀና ስል የዊላ እጅ ሊነሳ ነው። ስድስት ደቂቃ ሞላ። አፌን ዘጋሁ። ሕግ ሕግ ነው።

እጇ ተነሳ። ቡጢዋን ጠበቅኩ።

ጣቶቿን ዘረጋች። አምስቱንም። አምስት ደቂቃ አለህ ማለት ነው።

መድረኩ ላይ ተራዋን የምትጠብቀው ብሪን ከጀርባዬ፣ «ይቀጥሉ እንጂ!» ብላ ተቆጣችኝ።

አምስት ደቂቃ አላስፈለገኝም።

«ዊላ» አልኩ፣ «ካፖርትሽን አውልቂ።»

የላይኛውን ቁልፍ ፈታች፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን። ሦስተኛው አስቸገራት። አውልቃ ወንበሩ ላይ ሰቀለችው። ከስሩ ያንን አረንጓዴ ሹራብ ለብሳለች። ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። የሕዝቡን ጭብጨባ በኋላ ነገሩኝ እንጂ እኔ አልሰማሁትም።

በሕጉ መሠረት ንግግሬ ተሰርዟል። የሰረዝኩትም እኔው ነኝ። ብሪን ስለ ጓንቱ ተናግራ አንደኛ ወጣች፤ አባቷ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ቆሞ ኮፍያውን ሲያሽከረክር ዋለ።

ሁሉም ከሄደ በኋላ ሻንጣዋን ከመኪናዋ አወረድኩላት። ሰኞ ለዱፌክ ፈረመች፤ በሚቀጥለው መስከረም ተጋባን። ይኸው ሰባት ዓመት ሆነን። ሰዓቱን አሁንም የምትይዘው እሷ ናት፤ እኔ ልጆቹን ግድግዳው ጋ አቆማለሁ።

ያን ቀን ሻንጣውን ተሸክሜ ግን አንድ ነገር ጠይቄያት ነበር።

«የቀረው ዓረፍተ ነገር ምን ነበር?»

«‹ና ካፖርቴን ተቀበለኝ› ልል ነበር» አለች። «ሦስት ሰከንድ ቢፈጅ ነው።»

በኋላ ለካሁት። ሁለት ነው።