በባርኔጣ የተከደነ ጆግ

ከእርሻ ማሳ ተነስቶ ሠላሳ ዓመት በጠበቃነት፣ ሦስት የምርጫ ዘመን በኢንዲያና ሕግ አውጪነት ሲናገር የኖረው ልሙኤል ታክስተን የመጨረሻ ንግግሩን ሳይጨርስ የምርጫ ክርክር መድረኩ ላይ ተንፈራግጦ ሞተ። የሞት መርማሪው ኢኖክ ዋርዴል የደረቀውን ገላ አንድ ጊዜ አይቶ «ለተኩላ መግደያ የሚሸጠው መርዝ ነው» አለ።

ሕዝቡ ግን መርማሪ አላስፈለገውም። ዝንጅብልና ኮምጣጤ የገባበትን መጠጥ በጆግ ለሟቹ መድረክ ላይ ያመጣችው የእንግዳ ማረፊያው ወጥ ቤት፣ ጥቁሯ ዶርካስ ነበረች። ሸሪፉ ጓዳ ቆልፎባታል፤ ደጅ ላይ ገመድ የያዙ ሰዎች እስክትወጣ ይጠብቃሉ።

ዋርዴል ቢጠይቅ ቢያስጠይቅ፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነበት።

«ጆጉን ማን ነካው?»

«የኛ ሰው ስለ ትምህርት ቤት የተናገረው ነገር! አቤት!» አለ አንዱ የታክስተን ደጋፊ።

«ኧረ ስለ ጆጉ ነው የጠየቅሁህ፣ አንተ ሰውዬ!»

ንዴቱ አናቱ ላይ ወጣ። ይባስ ብሎ ኮርቻ ሰፊው ኤሞስ ፕሪቼት መጣ። ይህ ሰው የታክስተን ተቀናቃኝ የነበረው የሲላስ ሃሎዌይ ቀንደኛ ደጋፊ ነው።

«የናንተ ሰው እንደ በሬ ሲጋት ነበር» አለ ደረቱን ነፍቶ። «መጀመሪያ ሲናገር ጠጣ፤ በስተመጨረሻ መልስ ሊሰጥ ሲነሳም ጠጣ። የኔ ሰው በመሃል በዚያ ፀሐይ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲናገር ከንፈሩን እንኳ አላረጠበም! ጨዋነቱንስ ብታይ! ዝንብ እንዳይገባበት ብሎ የጠላቱን ጆግ በባርኔጣው ከደነለት።»

«በባርኔጣው?» አለ ዋርዴል። ወዲያው ሁሉንም በማረፊያው ምግብ ቤት ሰበሰበ።

«ታክስተን መጀመሪያ ሲጠጣ ምንም አልሆነም» አለ። «ስለዚህ ዶርካስ ያመጣችው ንጹሕ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከኩሽና አልወጣችም፤ ቂጣ ስትጋግርልህ ነበር፣ አይደል ሸሪፍ?»

ሸሪፉ አንገቱን ደፍቶ «አዎ» አለ።

«ሁለተኛ ሲጠጣ ሞተ። በመሃል ጆጉ አጠገብ ቆሞ የነበረው ሚስተር ሃሎዌይ ብቻ ነው። በየከተማው ጆግ ሙሉ የሚጨርሱት ሰው ዛሬ ለምን አልጠማዎትም? ታክስተን ‹ለጀልባ ቦይ መቆፈሪያ የተመደበውን የሕዝብ መሬት የዘረፈውን ነገ በስሙ እጠራዋለሁ› ብሎ ትናንት ዝቶ ነበር። ስምዎን ሊጠራ የነበረው በዚያ በመጨረሻው ንግግሩ ነው።»

ሃሎዌይ ፈገግ አለ። «ባርኔጣ መድፋት ወንጀል ነው? መርዝ ስጨምር ያየ ማነው? ቢኖርስ፣ ከሚፈርዱት ሰዎች እኩሌታው የኔ ሰው ነው።»

እውነቱን ነበር። ዋርዴልን አንጀቱን ያሳረረውም ይኸው ነው። ገዳዩን አውቆታል፤ የምትሰቀለው ግን ዶርካስ ናት።

ፕሪቼት ፊቱ አመድ መስሎ ተነሳ።

«ሃያ ዓመት ድምፄን ሰጥቼዎታለሁ፣ ሚስተር ሃሎዌይ። መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ ግን አልዋሽልዎትም። ባርኔጣውን ሲደፉ እጅዎ ከሥሩ ቆይቷል። ከእጅዎ ወረቀት ነገር ሲወድቅም አይቻለሁ። እኔ ሞኙ ለጨዋነት ቆጠርኩልዎት።»

የሃሎዌይ ፈገግታ ጠፋ። ሸሪፉ ሄዶ ጓዳውን ከፈተና «ነፃ ነሽ፣ ውጪ» አላት።

ዶርካስ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም። «መጀመሪያ እነዚያን ደጅ ያሉትን ወደየቤታቸው ስደድልኝ» አለች። «እስከዚያ ቆልፈው።»