ያልቀዘቀዙት በሮች

ታውኖ ራንታ ሞቶ የተገኘው በኮይቩላ ከተማ ካሉት መኪኖች ሁሉ ንጹሕ በነበረው ፒካፕ ውስጥ ነው። ጥር ላይ፣ ከሱፒሪየር ሐይቅ የሚመጣው ነፋስ ፊት በሚልጥበት ሰሞን፣ እዚህ አገር ንጹሕ መኪና ብርቅ ነው። ቅዝቃዜው ሳይጠና በረዶውን እንዲያቀልጥ መንገዱ ላይ የተበተነው ጨው የሁሉንም ቀለም አመድ ስለሚያስመስለው ሰው መኪናውን የሚለየው በታርጋው ነው። የታውኖ ቀይ ፒካፕ ግን ከጣሪያው እስከ ሆዱ ታጥቦ ያብረቀርቅ ነበር።

ያገኘው ጄሪ ሃውሪሉክ የሚባል የግንድ ጫኝ መኪና ሾፌር ነው። ጠዋት የቤት መኪናውን ሊያሳጥብ ወደ ኤስኮ ላምፒ ላቫጆ መጣ። ላቫጆው ከኤስኮ ቤት ጀርባ የቆመ፣ በእንጨት ምድጃ የሚሞቅ የቆርቆሮ ቤት ነው። ጄሪ ትልቁን በር ወደ ላይ ሲገፋው የተቃጠለ ቤንዚን ሽታ ፊቱን መታው። ምድጃው ጠፍቷል፤ የወለሉ ውኃ በረዶ ሆኗል፤ የፒካፑ ሞተር ነዳጁን ጨርሶ ቆሟል። ታውኖ ጋቢና ውስጥ ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝቶ፣ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ተቀምጧል። ጉንጮቹ ቀልተዋል። በጭስ የታፈነ ሰው መልኩ በሕይወት ካለ ሰው ይልቅ ያምራል፤ ይህ ነገር ሁሌም ያናድደኛል።

በክረምት የታጠበ መኪና እርጥቡን ወደ ውጭ አይወጣም። የበሮቹ ጎማ ከነውኃው ከወጣ ይቀዘቅዝና በሩ ከመኪናው አካል ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ጫፍ ላይ ጭሱን በግድግዳው ቀዳዳ አውጥቶ የሚጥል ወፍራም ቱቦ ይታሰርና ሞተሩ ይነሣል፤ ሾፌሩ ማሞቂያውን ከፍቶ ጋቢና ውስጥ ይቀመጣል። ጎማው ሲደርቅ ግሪስ ይቀባል። ትልቁ በር የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ኮይቩላ ውስጥ የሠርግ ሥነ ሥርዓት የሚያፋልስ ሰው ይገኝ ይሆናል፤ ይህን ቅደም ተከተል የሚያፋልስ ግን የለም። በዚያን ቀን ቱቦው ከማርሚታው ወጥቶ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ነበር።

የመጣችው ፖሊስ ሳጅን ዶሪን ኔካን ናት። እዚያው ከሐይቁ ዳር ከሚኖሩት ነባር ሕዝቦች፣ ከኦጂብዌዎቹ ወገን የተወለደች፣ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ሰው ሲያወራ ፊቱን ሳይሆን እጁን የምታይ ሴት ናት። ኮይቩላ ያሉ ሽማግሌዎች «ዶሪን ዝም ካለች እጅህን ሰብስበህ ተቀመጥ» ይላሉ።

መጀመሪያ ወደ ጄሪ ዞረች። ጄሪ ሳይጠየቅ ሁሉን ዘረገፈ። የታውኖን ፒካፕ ሊገዛ ጠይቆ ነበር፤ ሽማግሌው ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት ምግብ ቤት «መኪና መያዝ ለማያውቅ አልሸጥም» ብሎ አዋርዶታል። ተጯጩኸዋል።

«እኔ እንደሆንኩ ልትይ ነው አይደል?» አለ ጄሪ።

«እስካሁን ምንም አላልኩም። በሩን እንዴት ከፈትከው?»

«የትኛውን?»

«የፒካፑን። ሬሳውን ለማየት ከፍተሃል።»

«እንዴት እከፍታለሁ፣ እጀታውን ይዤ ሳብ አደረግኩት፣ ተከፈተ።»

«አልታገለህም?»

ጄሪ አሰበ። «አልታገለኝም» አለ ቀስ ብሎ።

ዶሪን ወደ ውጭ ወጥታ የጄሪን መኪና ዞራ አየችው። በሾፌሩ በኩል ያለው በር በጨውና በበረዶ ተጣብቋል። ጄሪ የሚገባው በተሳፋሪው በር ነው፤ በመሪው ሥር እየተሳበ ያልፋል። ታውኖ ምግብ ቤት ውስጥ የተናገረው ውሸት አልነበረም።

«ይኼ ከተጣበቀ ቆየ?»

«ከገና ጀምሮ» አለ ጄሪ እያፈረ። «ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት። በዚህ ብርድ ከታውኖ በቀር መኪና የሚያጥብ ሰው የለም። ሳምንቱን ሙሉ ኤስኮ ጋ ማንም አልመጣም፤ እኔም ዛሬ በሩ ቢመርረኝ ነው።»

ቀጥላ ኤስኮ ቤት ገባች። ኤስኮ ላምፒ ረጅም፣ ጎንበስ ያለ ሽማግሌ ነው። ሚስቱ ሞታለች፤ ልጆቹ የወረቀት ፋብሪካው በተዘጋ ጊዜ ወደ ምዕራብ ሄደው እዚያው ቀርተዋል። ድሮ ክረምት ላይ ላቫጆው ደጃፍ የመኪና ሰልፍ ነበር። አሁን በመደበኛነት የሚመጣው ታውኖ ብቻ ነበር፤ አጥበው ሲጨርሱ ሁለቱ ሽማግሌዎች እንፋሎት ቤት ገብተው ላባቸውን ያወጣሉ፣ የዓሣ ሾርባ ይበላሉ፣ ብዙም ሳይነጋገሩ ያመሻሉ። ኤስኮ ከዚያ ሌላ ኑሮ አልነበረውም።

ወገቡን አሞት እንደነበር ነገራት። ባለፈው ማታ ታውኖ ገና ማጠብ ሲጀምር ትቶት ገብቶ ተኝቷል፤ ከዚያ ወዲያ አላየውም። ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ሐዘኑም የእውነት ነበር። ዶሪን ሲያወራ እጁን እያየች ቆየችና ዓይኗን ከምድጃው በላይ ወደተሰቀለው የሥራ ቱታ መለሰች። የቱታው ጀርባ ከትከሻ እስከ ወገብ ነጭ ሆኗል። ጠጋ ብላ ዳሰሰችው፤ ስፌቱ ገና እርጥብ ነበር። ምንም አላለችም።

የታውኖ ልጅ ሊንዳ ሞቴል ውስጥ ነበረች። ከዊኒፔግ የመጣችው አባቷን ጠቅልላ ልትወስደው ነው። ያን ማታ የሞቴሉ ባለቤትና ሚስቱ ካርታ ሲያጫውቷት ስላመሹ ስለ እሷ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። እሷ ግን ሞቱን ከሰማች ጀምሮ ራሷን ስትመረምር ነበር፤ ዶሪንንም ፍርዱን ጨርሳ ጠበቀቻት።

«ቱቦውን ራሱ ነው የፈታው» አለች። «አይደለም እንዴ? ሰዎች እንደዚያ ያደርጋሉ።»

«ለምን ያደርገዋል?»

«ስለገፋፋሁት ነዋ። ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ ነዘነዝኩት። በመጨረሻ እሺ አለኝ፤ እሺ ሲል ግን ድምፁ ላይ ምንም ስሜት አልነበረም። አባቴ ደስታውም ንዴቱም አይታወቅም። ከቤቱ ከምወጣ ብሞት ይሻለኛል ብሎ ቢሆንስ?» ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። «ሳጅን፣ እውነቱን ብቻ ንገሪኝ። እኔ ከሆንኩ አንቺ ነሽ በዪኝ። ሳላውቀው መኖር አልችልም።»

ዶሪን ለማጽናናት ብላ የምትዋሽ ሴት አይደለችም። «ከሰዓት በኋላ ላቫጆው ትመጫለሽ» ብላት ወጣች።

ላቫጆው ውስጥ ብቻዋን ሆና ሥራዋን ጨረሰች። የቱቦውን ብረት ማሰሪያ አነሣችና አየችው። አልተሰበረም፣ አልተጣመመም፤ በሁለት እጅ የሚፈታው መቆለፊያ በሥርዓቱ ተፈቷል። ከፒካፑ በታች ባትሪ አብርታ ተመለከተች፤ ከጎማዎቹ በላይ ባለው ፓራፋንጎ ውስጥ እንኳ የጨው ቅንጣት የለም። ሬሳው ሲነሣ የኮቱን ጀርባ አይታ ነበር፤ ደረቅና ጥቁር። የታውኖን ጣቶችም አንድ በአንድ አይታቸዋለች። በመጨረሻ በሮቹን አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። አንዱም አልታገላትም። ጎማቸው ላይ ጣቷን አሳልፋ ጣቷ ላይ የቀረውን በመሐረቧ ጠረገች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱም መጡ። ምድጃው እንደገና ተቀጣጥሏል። ሊንዳ ቆማ፣ ጄሪ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦ፣ ኤስኮ ግድግዳው ተደግፎ ጠበቋት። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ነበሩ።

«ከቱቦው እንጀምር» አለች ዶሪን። «ማሰሪያው የሚፈታው በሰው እጅ ነው፤ ስለዚህ አደጋ የሚባለውን እንርሳው። ወይ ታውኖ ራሱ ፈትቶታል፣ ወይ ሌላ ሰው።»

ሊንዳ ዓይኗን ጨፈነች።

«አሁን በሮቹ። ሌሊት ምድጃው ጠፍቷል፤ ወለሉ ላይ ያለው ውኃ ሁሉ በረዶ ሆኗል። የፒካፑ በሮች ግን አልተጣበቁም። ለምን? ጎማቸው ግሪስ ተቀብቷል፤ የአራቱም፣ ዙሪያውን፣ አንድ ቦታ ሳይዘለል። ጄሪ፣ ግሪስ የሚቀባው መቼ ነው?»

«ጎማው ከደረቀ በኋላ። እርጥብ ላይ አይዝም።»

«ታውኖ ጋቢና ውስጥ የተቀመጠው ምን ሊጠብቅ ነው?»

ጄሪ «እስኪደርቅ» አለ።

«እስኪደርቅ። ከዚያ መቀመጫ ደግሞ አልተነሣም። ጣቶቹ ላይ ግሪስ የለም፤ ግሪስ ደግሞ በውኃ አይለቅም። ስለዚህ ጎማው ሲደርቅ ታውኖ ሞቶ ወይም ራሱን ስቶ ነበር፤ በሮቹን ከፍቶ፣ ዙሪያውን ቀብቶ የዘጋው ሌላ ሰው ነው። ራሱን የሚገድል ሰው ብቻውን ነው የሚሞተው። ይህ ሰው ብቻውን አልነበረም።»

ሊንዳ ባልዲው ላይ የተቀመጠውን ጄሪን አየችው። ጄሪ እጆቹን አነሣ።

«እሱ አይደለም» አለች ዶሪን። «የራሱን በር ከገና ጀምሮ ያልቀባ ሰው የሬሳ በር አይቀባም።»

ጄሪ በስድብ ነጻ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር፤ ቅር አላለውም።

«የመጨረሻው ጨው ነው። የመኪናው ሆድ ታጥቧል። ሆዱን የሚያጥብ ሰው በጀርባው ተኝቶ ነው፤ ጨዋማው ውኃ ይወርድበታል፣ ሲደርቅ ነጭ ይሆናል። የታውኖ ኮት ጀርባ ንጹሕ ነው። ኤስኮ፣ የእርስዎ ቱታ ጀርባ ነጭ ነው፤ ጠዋት ስነካው ገና አልደረቀም ነበር። በሳምንቱ ውስጥ ደግሞ ከታውኖ ሌላ ለማሳጠብ የመጣ የለም። ወገቤን አሞኝ ገና ሲጀምር ገባሁ ብለውኛል። አልገቡም። በታመመው ወገብዎ ከሥሩ ተኝተው አጥበውለታል፤ እስከ መጨረሻው ነበሩ።»

ኤስኮ የሚክድ መስሏቸው ነበር።

«ትልቁን በር ከፍቼ ጭሱን ሳስወጣው» አለ እሱ ግን፣ «ብርዱ ገባ። በሮቹ ይጣበቃሉ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ግሪሱ እጄ ላይ ነበር። ሞተሩን ሳላጠፋው ቀባሁና ትልቁን በር መልሼ ዘጋሁት። የሱን መኪና ሳልቀባ ሰድጄ አላውቅም፣ ልጄ።»

«ቱቦውንስ?» አለች ዶሪን።

«ሙቀቱ ሲጥመው ኮፍያውን ደፋና አሸለበ። ፈታሁትና ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። አሁን ብመለስ ይድናል፣ ባልመለስ አይሄድም፣ እያልኩ ተቀመጥኩ። ሾርባው ምድጃ ላይ ነበር። ለሁለት ሰው ነበር የሠራሁት።»

እኔ ለነፍሰ ገዳይ የማዝን ሰው አይደለሁም፤ ይህን ሲነግሩኝ ግን አዘንኩለት፣ ስላዘንኩለትም ተናደድኩ። ብቸኝነት ሰውን ያሳብዳል ይባላል። ኤስኮ አላበደም፤ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር።

ፖሊሶቹ ጠጋ ሲሉ ሊንዳ እጇን ዘርግታ አስቆመቻቸው። በልጅነቷ በትከሻው የተሸከማትን ሰውዬ ፊት ለፊት ቆመችው።

«አጎቴ፣ አባቴ እዚያ ተቀምጦ ምን ይልህ ነበር?»

ኤስኮ ሊያያት አልቻለም። «ተዪው።»

«ንገረኝ። ሊሄድ አልፈለገም ነበር? እኔ ነኝ ያስገደድኩት?»

«አንቺ ቤት ስለሚያገኘው ክፍል ነበር የሚያወራው» አለ ኤስኮ። «መስኮቱ ወንዙን ያሳያል አሉ። አንቺ ታበስያለሽ፣ እሱ ሳህን ያጥባል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችሽን በረዶ ላይ ሊያንሸራትት ነው። ያን ሁሉ ዓመት አብረን ስናጥብ ሁለት ቃል የማይናገር ሰው፣ ያን ቀን አፉን አልዘጋም። ይስቅ ነበር። አንድም ጊዜ ስለ እኔ አልጠየቀኝም።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ቅር ብሎት ቢሆን፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሆዴ አልቻለም ቢለኝ፣ አልነካውም ነበር። ደስ ብሎት ነበር፣ ሊንዳ። ለመሄድ ቸኩሎ ነበር።»

ሊንዳ ቀኑን ሙሉ ለመስማት የለመነችው ይህንኑ ነበር፤ ሊነግራት የሚችልም ከዚህ ሰው በቀር በዓለም ላይ ማንም አልነበረም። ኤስኮን ይዘውት ሲወጡ ሊንዳ አባቷ ተቀምጦበት ወደነበረው ጋቢና ገብታ፣ በሩን በላይዋ ዘግታ ስታለቅስ ዋለች።