ዝም ያሰኟት መብራት

ብጫዋ መብራት ሦስቴ ብልጭ ብልጭ አለችና ጠፋች።

«ወላሂ አጠፋሻት!» የሰሀር አጎት ነጅሙዲን በመኪናዋ መስኮት አንገቱን አስገብቶ ዳሽቦርዱን አየ። «ስንት ቀን ሙሉ ዓይኗን ስታፈጥብኝ ከርማ!»

ሰሀር ጣቷን ከመሪው ሥር መለሰች። የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል፣ በጣት የምትጫን ነገር ያገኘችው እዚያ ነው፤ ተጭና ስትቆይ መብራቷ ብልጭ ብልጭ አለችና ጭራሽ ጠፋች። ሰሀር ስምንተኛ ክፍል ናት። ያልተነካ ነገር ካየች እጇ አያርፍም። የቤታቸውን ሬዲዮ ሁለቴ ፈትታ አንዴ ብቻ የገጠመችው እሷ ናት።

መኪናዋ ከዱባይ የመጣች ያገለገለች ነጭ መኪና ስትሆን፣ የሽንኩርት ነጋዴው ነጅሙዲን ከገዛት ገና ቅርቡ ነው። መብራቷ ድስት ትመስላለች፤ መሃሏ ላይ ቃለ አጋኖ አለባት። ሻጩ «የጎማ ነፋስ ሲጎድል ትበራለች» ብሎታል። ነጅሙዲን ግን አልተጨነቀም፤ ነፋሱን የሚቀንሰው ራሱ ነውና። ፀሐይ ስትበረታ የክብሪት እንጨት ይዞ ይንበረከክና ከአራቱም ጎማ ትንሽ ትንሽ ያስተነፍሳል። አባቱም አይሱዙ ሲነዱ እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

«በሸዋሮቢት ሙቀት ጎማ ጠግቦ ከሄደ ይፈነዳል» ይላል። «ይቺ የዱባይ ልጅ ምን ታውቃለች?»

«ዱባይ ግን ከእኛ አይብስም እንዴ ሙቀቱ?» ብላ ጠይቃው ነበር ሰሀር።

«እዚያ ጎማውም ኤሲ አለው» ብሎ ሳቀባት።

ዛሬ ግን አልሳቀባትም። ሰፈሩን ሁሉ እየዞረ «ኢንጂነር ሰሀር መኪናዬን ጠገነችልኝ!» አለ። ነገ እህቷ ሰይዳ ወደ ማጀቴ ትዳራለች፤ ሙሽራዋን የሚወስደውም ነጅሙዲን ነው። «ነገ ፊት ወንበር የምትቀመጪው አንቺ ነሽ» ሲላት የአክስቷ ልጆች በቅናት ከንፈራቸውን ነከሱ። ሰሀር ደስ አላት፤ በጣም ደስ አላት። አንድ ነገር ብቻ ከነከናት። ጎማውን ማንም ሳይነካው መብራቷ ለምን ጠፋች?

መልሱ ያለው ቁምሳጥኑ ላይ ነበር። ከመኪናዋ ጋር አንድ ወፍራም የአረብኛ መጽሐፍ መጥቷል። ነጅሙዲን መኪናው ውስጥ ወዲያ ወርውሮት ሳለ የሰሀር እናት አይተው ደነገጡ። አቧራውን አራግፈው፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከቁርኣኑ አጠገብ አስቀመጡት።

«እትዬ፣ የመኪና መጽሐፍ እኮ ነው» አላቸው ወንድማቸው።

«የመኪናም ይሁን፣ ፊደሉ ያው ነው» አሉት። ከዚያ ወዲህ የነካው የለም።

በሠርጉ ጠዋት ሰሀር መጽሐፉን አውርዳ ሰይዳ ወዳለችበት ክፍል ገባች። ሰይዳ ሂናው እንዳይበላሽ እጆቿን ዘርግታ ተቀምጣለች። ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ አረብኛውን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች፤ ማንበብ ግን አልተማረችም። ሰሀር ደግሞ ቁርኣን ቤት ፊደሉን ለቅማዋለች፤ ትርጉሙን አታውቅም።

«እኔ ላንብብልሽ፣ አንቺ ንገሪኝ» አለች ሰሀር።

«በሠርጌ ቀን?»

«ገጿ አንድ ናት! የመብራቷን ሥዕል አግኝቻለሁ።»

ንባቡ እንዳሰበችው አልሆነም። ቁርኣን ላይ ያሉት የድምፅ ምልክቶች እዚህ የሉም። አንዱን ቃል ሦስቴ ብላ ሦስቴም ስትስት ሰይዳ በሳቅ ሞተች። «ሀዋ በይ፣ ሀዋ! ነፋስ ማለት ነው።» እየቆዩ ግን ያዘላቸው። ከዚያ ሰይዳ መሳቋን ተወች።

«ድገሚው እስቲ።»

ሰሀር ደገመችው።

«መጀመሪያ ጎማዎቹን ሳይሞቁ በልካቸው ሙላ ነው የሚለው። ልኩ የሹፌሩ በር ላይ ተጽፏል። ከሞላህ በኋላ ከመሪው ሥር ያለውን ተጫን። ስትጫነው መኪናው ያን ጊዜ ያለውን ነፋስ ልክ ነው ብሎ ይይዛል።»

«ሳይሞላ የተጫነስ?»

«የጎደለውን ልክ ነው ብሎ ይይዛላ። ከዚያ መች ይነግርሻል?» ሰይዳ በክርኗ ወደሚቀጥለው መስመር አመለከተቻት። ሰሀር አነበበች፣ ሰይዳ ተረጎመች። «ነፋስ የጎደለው ጎማ ሲሄድ ከልክ በላይ ይሞቃል ይላል። ጭነት ካለ ደግሞ ሊፈነዳ ይችላል።»

ሰሀር መጽሐፉን ዘጋችው። «ለአጎታችን አንቺ ንገሪው።»

«እኔ? ሙሽራ በሠርጓ ቀን ከአጎቷ ጋር ስትከራከር የት አይተሻል? ዛሬ እኔ አፍ የለኝም።»

ረፋዱን ሙሉ ሰሀር አጎቷን እየፈለገች ባገኘችው ቁጥር ሳትነግረው ተመለሰች። አንዴ ከሽማግሌዎች ጋር ነበር። አንዴ ደግሞ «ኢንጂነራችን መጣች!» ብሎ ትከሻዋን አቅፎ ለእንግዶች አስተዋወቃት። ማጀቴ ደግሞ ሩቅ አይደለም እያለች ራሷን አጽናናች። ምናልባት ምንም አይሆንም።

ከምሳ በኋላ መኪናዋ በሪባን አጊጣ ደጃፉ ላይ ቆመች። ሦስት ሰው በሚይዘው የኋላ ወንበር ላይ ሙሽራዋን ጨምሮ አምስት ሴቶች ተጠጋጉ። የሸዋሮቢት ፀሐይ አናት ይበሳል። ነጅሙዲን ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ ከኪሱ የክብሪት እንጨት አውጥቶ ጎማው አጠገብ ተንበረከከ።

ፍስስስ።

ሰሀር ፊት ወንበር ላይ ሆና ሰማችው። አንደኛው ጎማ። ሁለተኛው። ዳሽቦርዱን አየች፤ ብጫዋ መብራት የለችም። ዞር ብላ ሰይዳን አየች፤ በሻሹ ሥር ዓይኗ ብቻ ይታያል፣ ዓይኗም እሷን ያያል። ሴቶቹ እየዘፈኑ ነው።

ነጅሙዲን ገብቶ ሞተሩን አስነሳ።

«አጎቴ» አለች ሰሀር።

«አቤት፣ ኢንጂነር!»

«ትላንት መብራቷን አጠፋኋት እንጂ ጎማውን አልጠገንኩትም። ዝም ነው ያሰኘኋት።»

ሴቶቹ አንድ በአንድ ዘፈኑን አቆሙ። ሰሀር ሳትተነፍስ የቀረውን አወራችው፤ መጽሐፉን፣ የበሩን ቁጥር፣ የጎደለ ጎማ ይበልጥ እንደሚሞቅ። አንዷ አክስት «አሁን ይሄ በሠርግ ቀን ይወራል?» አለች። የነጅሙዲን ፊት ተለዋወጠ።

«እኔ ነኝ ጎማ የማላውቀው?»

«ማንበቧን እኔ ሰምቻለሁ፣ አጎቴ» አለች አፍ የሌላት ሙሽራ ከኋላ፣ በቀስታ።

ነጅሙዲን መኪናዋን አዞረ፤ ግን ማጀቴ ወደሚወስደው የአጣዬ መንገድ አልነበረም። ከነሪባኗ፣ ከነሙሽራዋ ጎሚስታው በር ላይ አቆማት። ከኋላ የተከተላቸው ሠርገኛ «ምን ተፈጠረ?» እያለ በየመኪናው መስኮት አንገቱን አወጣ።

ጎሚስታው መለኪያውን ፊት ጎማ ላይ ሰካ። ነጅሙዲን መርፌውን አየ። በሩን ከፍቶ እዚያ የተለጠፈውን ቁጥር አየ። ተመልሶ መርፌውን አየ። በዚህ ፀሐይ ግሎም እንኳ ጎማው ከበሩ ቁጥር ብዙ ጎድሏል። ላቡን በእጅጌው ጠረገና ከኪሱ የክብሪቱን እንጨት አውጥቶ ጥቂት አገላበጠው፤ ከዚያ መሬት ላይ ጣለው።

ሰሀር ስድብ ጠበቀች። የፊቱን ወንበር ለሌላ ሰው ሲሰጠውም ታያት።

ነጅሙዲን መለኪያውን ከጎሚስታው እጅ ወስዶ ዘረጋላት።

«የኋላዎቹን አንቺ ለኪ» አላት።

ሰሀር የአዲሱ ቀሚሷን ጫፍ ሰበሰበችና ጎማው አጠገብ ተንበረከከች።