የሽሎሚን እግር ያነሣው ማን ነው

ሽሎሚ ምንጣፉ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ሁለት እግሮቹ በተጠቀለለ ምንጣፍ ላይ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል። አንገቱን ያላየ ሰው፣ ከልምምድ በኋላ ደክሞት ያሸለበ መስሎት ድምፁን አጥፍቶ ያልፈው ነበር።

መርማሪ ታሪኳ አንገቱን አየች። ከግራ ጆሮው ሥር ተነሥቶ ጉሮሮውን የዞረ ጥቁር ሰንበር፤ ወርዱ የለበሰው ጊ አንገትጌ ያህል ነው። ጊ የሚሉት የጁጂትሱ ልብሳቸውን ነው፤ እንደ ሸራ የወፈረ፣ ባላጋራ ጨምድዶ እንዲይዘው ተብሎ የተሰፋ። «የራስን መታነቂያ ገዝቶ፣ አጥቦ መልበስ» አለች በልቧ። ስለ ጁጂትሱ የምታውቀው ትልልቅ ሰዎች ተቃቅፈው ወለል ላይ የሚንከባለሉበት ነገር መሆኑን ብቻ ነበር። የማያውቁትን መናቅ ግን የሰነፍ መርማሪ ሥራ ነው፤ ታሪኳን ሰነፍ የሚል ሰው ደግሞ በእስራኤሏ ናታንያ ከተማ ውስጥ አልተወለደም።

ሽሎሚ የሚያስተምርበት ጂም ከኪካሩ፣ ከከተማው አደባባይ፣ ወረድ ብሎ፣ ድሮ ጋራዥ በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ሬሳውን እሁድ ጠዋት ያገኘችው ዲክላ ናት፤ የሟቹ የሥራ ሸሪክና ባለ ሐምራዊ ቀበቶ። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር።

«አርብ ቀትር ልምምድ ነበረን። ከዚያ ሁሉም ለሻባት፣ ለሰንበቱ፣ ወደ ቤቱ ሮጠ። ሽሎሚና አቪቭ ብቻ ቀሩ፤ አቪቭ ምንጣፉን ሊያጥብ።»

«የበሩን መክፈቻ ቁጥር ማን ያውቃል?»

«ሽሎሚና እኔ። ከተማሪዎች ሊዶር፣ ያኮቭና አቪቭ።»

«ይሄስ?» ታሪኳ ከሟቹ እግር በኩል ያለውን ግድግዳ አሳየቻት። ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ የለበጡት ሳንቃ ተሰንጥቋል።

ዲክላ ጎንበስ ብላ ዳሰሰችው። «አዲስ ነው። አርብ ጠዋት ይህን ግድግዳ የወለወልኩት እኔ ነኝ። አልነበረም።»

የታሪኳ አለቃ ሽሙኤል ግን ጉዳዩን ምሳ ሳይበላ ጨርሶት ነበር። ሐሙስ ዕለት ሽሎሚ ለተማሪዎቹ የደረጃ ቀበቶ ሲያድል አቪቭን ዘለለው። አቪቭም በሰው ሁሉ ፊት «በዚያ ቀበቶህ አንቄ ነው የምገድልህ» አለ። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል። በዚያ ላይ ጂሙ ውስጥ በአንገትጌ ማነቅ የአቪቭ የታወቀ ጥበቡ ነው።

«አነቀው፣ ደነገጠ፣ እግሩን አንሥቶ ሊያነቃው ሞከረ፣ ሸሸ» አለ ሽሙኤል። «ነገ ጠዋት ዳኛ ፊት አቀርበዋለሁ። የነፍስ ግድያ ነው። ሌላ ሰው ካለሽ እስከዚያ አምጪልኝ።»

አቪቭ ከሠራዊት ከወጣ ገና ብዙ ያልቆየ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ የደፈረሰ ልጅ ነው። በፖሊስ ጣቢያው ወንበር ላይ ጀርባውን ሳያስደግፍ ተቀምጧል።

«ዛትክበት?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ከእኔ በኋላ የጀመሩት ሳይቀሩ ቀበቶ ተቀበሉ። እኔን አለፈኝ። ስዝትበት ሳቀ። ‹አርብ ምንጣፉን አጥበህ ስትጨርስ ትገድለኛለህ› አለኝ። መጥቼ አጠብኩ። ዜሁ፣ አለቀ።»

«ከዚያስ?»

«ባሕሩ ዳር ተቀመጥኩ። ሻባት ገባ፣ አውቶቡስ ቆመ፣ እስከ ቤታችን፣ እስከ ክፋር ዮና በእግሬ ሄድኩ።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«ጥቁር ልጅ መንገድ ዳር ሲሄድ ማን ያያል? የሚታየው ሲታሰር ነው።»

ታሪኳ ወረቀቷን አገላበጠች። «ስትለየው ሽሎሚ ምን ይሠራ ነበር?»

«ጊውን አላወለቀም። ሰው እጠብቃለሁ አለኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ኩርፊያ ላይ ነበርኩ።»

ኮሪደሩ ላይ የአቪቭ እናት እትዬ ባንቺአየሁ ጠበቋት። ሴትዮዋ ከመናገራቸው በፊት ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«የአቶ ዘመዱ ነኝ፣ እትዬ። አንቱ ይቀመጡ እንጂ።»

«ተቀምጬስ። ልጄ ሰው አይገድልም አልልሽም፤ እንዲያ የማትል እናት የለችም። አርብ በእግሩ መጥቶ፣ እህል ቀምሶ፣ እስከ ረፋድ አንኮራፋ። ነፍስ ያጠፋ ሰው ያንኮራፋል?»

«አንዳንዱ ያንኮራፋል፣ እትዬ።»

እትዬ ባንቺአየሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደግ። አታባብይም። እንግዲያ የማያንኮራፋውን ፈልጊልኝ።»

ሊዶር የሽሎሚ ረዳት ነው፤ ባለ ቡናማ ቀበቶ፣ የሕፃናቱ አስተማሪ። ጆሮዎቹ በትግል ብዛት አብጠው ተጨማደዋል። ጂሙ ደጃፍ ላይ ለታሪኳ ወንበር ጎተተላት፣ ቀዝቃዛ ውኃ ቀዳላት። የሬሳውን ፎቶ ስታሳየው ረጅም ጊዜ አየው።

«ምስኪን ልጅ» አለ። «አቪቭን ማለቴ ነው። ደንግጧል። ቢሆንም የሚገባውን አድርጓል። ሰው ታንቆ ራሱን ስቶ ሲተኛ እግሩን ታነሣለሽ፣ ደም ወደ ራሱ ይመለሳል። እኛ ጋ ሁሉም የሚያደርገው ነው፤ ለሕፃናቱም ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

«ታንቆ የተኛ ሰው ይሞታል?»

«አይሞትም፣ ግቬሬት መርማሪ። ያነቀው ሰው ከለቀቀ ወዲያው ይነቃል። የጨነቀው ሰው ባላጋራውን መታ መታ ያደርገዋል፣ ያኛው ይለቃል። ጁጂትሱ ማለት ይኸው ነው።»

«አርብ ከሰዓትስ አንተ የት ነበርክ?»

«ቤቴ ተኝቼ። ከፋሲካ ጀምሮ ሚሉኢም ነበርኩ፣ የተጠባባቂ ጦር። የተመለስኩት ባለፈው ሳምንት ነው፤ እንቅልፍ ገና አልጠገብኩም።»

ያኮቭ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ሆዱ ከቀበቶው በላይ ተንጠልጥሎ፣ አፉ ከሆዱ ቀድሞ የሚሄድ። ታሪኳ ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ቆመችና «ሽሎሚ በታነቀበት መንገድ አንቀህ አሳየኝ» አለችው።

«የስድሳ ዓመት ሽማግሌ ፖሊስ አንቆ ታሰረ ሊባልልኝ ነው። እሺ፣ ተቀመጪ።»

ከኋላዋ ተቀመጠ። አንዱን ክንዷን በእግሩ ሥር ቆለፈው፤ ሌላው እጇ ጉሮሮዋን ለመከላከል የጃኬቷ አንገትጌ ላይ ተጣበቀ። ገና ሳያጠብቅ ጆሮዋ መጮህ ጀመረ።

«ሁለቱም እጄ ተይዟል። በምን እመታለሁ?»

«በተረከዝሽ። መሬቱን፣ ግድግዳውን፣ ያገኘሽውን። መናገርም ይቻላል፤ ግን የታነቀ ሰው አንደበት የለውም።» ለቀቃት። ትንሽ ሳል ያዛት።

«ብተኛብህ እግሬን ታነሣው ነበር?»

«እግዜር አያሳየኝ! እሱ ቀርቷል። ከፋሲካ በኋላ፣ ከሻቩኦት በዓል በፊት ሽሎሚ የአምቡላንስ ሰው አምጥቶ ሁላችንንም እንደ ጆንያ አገላበጠን። በጎን ማዞር፣ ትንፋሹን ማየት፣ ስሙን መጥራት። እጃችን እስኪለምደው ድረስ ተለማመድነው። በድሮው ልማዱ እግር የሚያነሣ ሰው ፑሽ አፕ ይሠራል። እኔ እስክታመም ሠርቻለሁ። አቪቭ ነበር ፈጥኖ የያዘው፤ በዚያው ሰሞን አንዱ እውነት ተኝቶበት እኛ ሳንደርስ በጎኑ አዙሮታል።»

ታሪኳ ጫማዋን ልታጠልቅ ጎንበስ ብላ ቀረች። «ያኮቭ፣ ስለ ሊዶር ንገረኝ።»

ያኮቭ ቀበቶውን አጠበቀ። «ደግ ሰው ነው። ጎበዝ ነው። ብቻ... እጁ አይሰማም። ክረምት ላይ፣ ሚሉኢም ሳይሄድ፣ የአንድ ጀማሪ ክንድ ሰበረ። ጀማሪው መታ አድርጎ ነበር፤ ሁላችንም ሰምተናል።»

«ሰምታችሁ ምን አደረጋችሁ?»

«ሊዶር ሊዶር ነው አልን።»

ከጂሙ ወጥታ ሬሳውን ለመረመረው ሐኪም ደወለች። የጠየቀችው ስለ አንገቱ አልነበረም። «ተረከዙን እየው» አለችው። መልሱ ሲመጣ ሽሙኤል ዘንድ ሄዳ «አቪቭን ጂም አምጣልኝ፤ ሁሉንም እዚያው እፈልጋቸዋለሁ» አለች።

ከሰዓት በኋላ ተሰበሰቡ። ሽሙኤል በጫማው ሊገባ ሲል ዲክላ በክንዷ አገደችው፤ የፖሊስ አዛዡ እያጉረመረመ ካልሲውን ሳይቀር አወለቀ። አቪቭ እጁ ታስሮ መጣ። ማንም ሰላም አላለውም፤ ዲክላ ወለሉን፣ ያኮቭ ጣሪያውን ያያል። ታሪኳ ካቴናውን አስፈታችለት። እትዬ ባንቺአየሁ ከበሩ ውጭ ቆመዋል።

«ብዙ አልናገርም» አለች ታሪኳ። «መጀመሪያ አሳዩኝ። ያኮቭ፣ ተኛ። እነሆ ታንቆ ራሱን ስቷል። ቀስቅሱት። አሁኑኑ!»

ያኮቭ ተዘረጋ። ሦስቱም ዘለው ደረሱበት። ዲክላ ትከሻውን ያዘች፣ አቪቭ ወገቡን፤ ወደ ጎን ገፉት። አልዞረም። ሊዶር ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶች ይዞ ወደ ላይ እየጎተተ ነበር።

«ምን ትሠራለህ?» አለች ዲክላ፣ ሳታስበው። «እግር ቀርቷል እኮ፣ አንተ—» አለችና አፏን ያዘች።

ሊዶር የያኮቭን እግሮች እንደያዘ ቀረ።

«ተዋቸው፣ ከባድ ናቸው» አለች ታሪኳ። «አሁን ልናገር። የሽሎሚ እግር ተነሥቶ ተገኘ። ከመንገድ የመጣ ሰው ይህን አያደርግም፤ የጁጂትሱ ሰው ነው። በሩ አልተሰበረም፤ ቁጥሩን የሚያውቅ ነው። እስከዚህ አቪቭም ይሆናል። ነገር ግን እዚህ ቤት እግር ማንሣት ከሻቩኦት በፊት ቀርቷል። የደነገጠ ሰው አያስብም፤ እጁ የለመደውን ይሠራል። የእነዚህ እጅ አዲሱን ለምዷል፤ አሁን አይታችኋል። ያን ሰሞን ያልነበረው አንድ ሰው ነው፤ ሚሉኢም ላይ የነበረው። ፎቶውን ሳሳየው ‹እኛ ጋ ሁሉም የሚያደርገው ነው› አለኝ። መቅረቱን ማንም አልነገረውም።»

ሽሙኤል ባዶ እግሩን አፈራርቆ ቆመ። «ልማድ ማስረጃ አይሆንም።»

«አይሆንም። ሊዶር ግን አፍ አለው።»

ሊዶር ቁጭ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። «አደጋ ነው» አለ። «ና ብሎ ጠራኝ፣ አወራን፣ ከዚያ አንድ ዙር ታገልን። ታነቀ፤ አልመታም። ሽሎሚ ኩሩ ነው፣ አይመታም። ሲተኛ እግሩን አነሣሁ፣ አልነቃም። ፈራሁ። አደጋ ነው፣ ዲክላ። ታውቂዋለሽ።»

ዲክላ ልታምነው ፈለገች፤ ከፊቷ ይነበባል። ያኮቭም ተነፈሰ። ሽሙኤል እንኳ «አደጋ ከሆነ...» ሊል ጀምሮ ነበር።

«መቷል» አለች ታሪኳ።

ወደ ሊዶር ቀረበች።

«አንዱ ክንዱ በእግርህ ሥር ነበር፤ ሌላው ጉሮሮው ላይ። የቀረው ተረከዙ ነው። ተረከዙ ተላልጧል፤ ውስጡም የሳንቃ ስንጥር ገብቶበታል፤ ሐኪሙ አውጥቶታል። ሳንቃው ያውልህ። ሰውየው እንጨት እስኪሰነጠቅ ድረስ መታ። ‹ምንጣፍ ላይ ነው፣ አልሰማሁም› እንዳትለኝ፤ ግድግዳ ነው የመታው። ጎረቤት ቤት ድረስ የሚሰማውን አንተ እንዴት አልሰማህም?»

ሊዶር እጆቹን አየ። ሲናገር ለታሪኳ ሳይሆን ለአቪቭ ነበር።

«ሰምቻለሁ። ልጆቹን ላንተ ሊሰጥህ ነበር። የሕፃናቱን ክፍል። ለባለ ሰማያዊ ቀበቶ! ሐምራዊውን ቀበቶህን ያዘገየው፣ ከሕፃናቱ ፊት ሊያስርልህ ፈልጎ ነው። ‹የሱ እጅ ይሰማል፣ ያንተ አይሰማም› አለኝ። አሥራ ምናምን ዓመት አብሬው... አንድ ጊዜ በአፉ እንዲለምነኝ ፈለግኩ።»

«አንቀኸው?» አለች ታሪኳ። «በየትኛው አፉ?»

ሊዶርን ይዘውት ሲወጡ ያኮቭ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ዲክላ ወደ አቪቭ ቀረበች።

«አቪቭ። ይቅርታ። እኛ... ፖሊስ ሲለን...»

«በየቀኑ አንገቴን እሰጣችሁ ነበር» አለ አቪቭ፣ ድምፁን ሳያነሣ። «ላንቺም፣ ለያኮቭም፣ ለሊዶርም። እንደምትለቁኝ አምኜ። እሱ ነው ወይ ብለው ሲጠይቋችሁ፣ ከመሃላችሁ አይደለም ያለ አንድ ሰው አለ?»

ያኮቭ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሕፃናቱ ነገ ይመጣሉ» አለች ዲክላ፣ እንባዋን በጊዋ እጅጌ እየጠረገች። «ሽሎሚ የፈለገው አንተን ነው።»

«ሽሎሚ እኔን ፈለገ» አለ አቪቭ። «እናንተስ?»

መልስ ሳይጠብቅ ወጣ። እናቱ ክንዱን ያዙት፣ ፊቱን ዳበሱት፤ ፈቀደላቸው፣ ግን ዓይኑ ሌላ ቦታ ነበር። ከእጃቸው ወጥቶ አንገቱን ወደ ትከሻው ቀብሮ በመንገዱ ዳር ወደ ፊት ሄደ።

እትዬ ባንቺአየሁ ወደ ታሪኳ ዞሩ። «ልጄ፣ ነጻ ነው?»

«ነጻ ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ ለምን እንደ እስረኛ ይሄዳል?»

እትዬ ባንቺአየሁ መልሷን አልጠበቁም፤ ልጃቸው ሳይርቅ ሊደርሱበት እርምጃቸውን አፈጠኑ።