የሕጉ መምህር አሟሟት

የኔታ ቢራራ ዳባት ካለች ጎጇቸው ውስጥ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸው በዱላ ተመትቷል። ሃምሳ አለቃ አሻግሬ ከደባርቅ ሲደርስ፣ ሌሊቱን የጀመረው የሰኔ ዝናብ ገና አላባራም። ተጠርጣሪው ዲያቆን ገብረ ኪዳን፣ የሟቹ ደቀ መዝሙር፣ እጁ በገመድ ታስሮ እዚያው ጎጆ ውስጥ ተቀምጧል። ከሰዓት በኋላ የጎንደሩ መኪና ይወስደዋል። በዚያ መኪና የሄደ ሰው ሲመለስ አሻግሬ አላየም።

«ትናንት ስትጮህባቸው ጎረቤት ሰምቷል» አለው አሻግሬ።

«ጮኼአለሁ። እሑድ በረቂቁ ሕገ መንግሥት ውይይት ላይ አይናገሩ ብዬ። ‹ነጻነት ለሰው ከተፈጥሮው ነው፤ መንግሥት አልሰጠውም፣ አይነሳውም። የጥንቱ ሕግ ትርጓሜም ይኸው ነው› ሊሉ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ተቆጡኝ። ማምሻውን አኩርፌ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ያየኝ የለም።»

አሻግሬ ቤቱን ቃኘ። የኔታ የሚያስተምሩበት የጥንቱ ሕግ ብራና ከነቆዳ ማኅደሩ በግድግዳው ኩላብ ላይ ተንጠልጥሏል። አወረደው። ማኅደሩ በጣሪያው ፍሳሽ ርሷል፤ ደም ግን የለበትም። መጽሐፉን አውጥቶ ሲገልጠው ሁለት ገጾች በደም ተጣብቀዋል።

ቤቱን የሚይዙትን እመት በለጠችን ጠየቀ፤ «የሰቀሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ? ከእግዜር ምን አጣላኝ! ሴት አይነካውም ሲሉኝ ነው የኖሩ። ደግሞ ያ ኩላብ ያፈስበታል፤ ከተውነው ሦስት ክረምቱ። አሁን የሚሰቀል በምሰሶው ነው።»

«ገብረ ኪዳን ያውቃል?»

«የምሰሶውን ኩላብ የተከለው ማን ሆነና!»

ውይይቱን የሚመራው ካድሬ፣ ጓድ ክንዴ፣ ከደጅ ብቅ አለ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ብራና ጀመርህ? ልትመንን ነው?»

«ዕድሜዬ ደርሷል፣ ጓድ። እርስዎም እዚህ ተምረዋል አሉ።»

«በልጅነቴ። አብዮቱ ከፈነዳ ወዲህ እግሬ ይህን ቤት አልረገጠም።»

አሻግሬ ሦስቱንም መደቡ ላይ አስቀመጠ።

«የኔታ ሲመቱ መጽሐፉ ተገልጦ ነበር፤ ደሙ ከውስጥ ነው። ገዳዩ ዘጋው፤ ከማኅደሩ ከተተው፤ ሰቀለው። ሌላ ሰው ጥሎት ይሮጥ ነበር። ብራና መሬት ላይ ጥሎ መሄድ ያልሆነለት፣ የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው ነው።»

«አላልሁም? ገብረ ኪዳን ነዋ!» አለ ክንዴ።

«እሱ ቢሆን በምሰሶው ይሰቅለው ነበር። በሰኔ፣ ከሚያፈስ ጣራ ሥር ብራና አያንጠለጥልም። የገዳዩ እጅ የሚያውቀው የድሮውን ኩላብ ነው። እመት በለጠች፣ ዱሮ እዚህ ተምሮ ዛሬ ዳባት ያለ ማነው?»

«ሌሎቹማ ወይ ሞተዋል፣ ወይ ተሰደዋል» አሉና ወደ ክንዴ ዞሩ።



«ለመንኋቸው» አለ ክንዴ። «እኔ በምመራው ስብሰባ ይህን ቢናገሩ የምጠፋው እኔ ነኝ አልኋቸው። መጽሐፉን ገልጠው ‹እንግዲያ አንተው አንብበህ ተርጉመው› አሉኝ። አነበብሁት።»

«ምን ይላል?»

«እንዳሉት ነው» አለ ክንዴ፤ አንገቱን ደፋ።

የመኪናው ጡሩንባ ተሰማ። አሻግሬ የገብረ ኪዳንን ገመድ ፈትቶ በክንዴ እጅ ላይ አሰረው።

ገብረ ኪዳን አንጓውን እያሻሸ፣ «የእሑዱ ውይይት በስንት ሰዓት ነው?» አለ።

«አንተ ልጅ!» አሉ እመት በለጠች። «ትናንት አይናገሩ ስትል አልነበር?»

«ትናንት የሚናገር ሰው ነበረ።»