የአህ ፑክ ስንቅ

ሽማግሌው አህ ፑክ ጠዋት በጀልባ ማሰሪያው ድንጋይ ሥር ጭንቅላቱ ተፈንክቶ፣ ሞቶ ተገኘ። በእጁ ላይ የክርስቲያኖች መቁጠሪያ ተጠምጥሟል። በሐይቅ በተከበበችው በኖሕፔተን ደሴት ደግሞ መቁጠሪያ ያለው ሰው ከሰሜን ለዕርቅ የመጣው ነጋዴ ማቴዎ ኡክ ብቻ ነው። ታዲያ ከዚህ ወዲያ ምን ምርመራ ያስፈልጋል? አሰሩት፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሊገድሉት ቆረጡ። ከሐይቁ ማዶ እስፓኞሎቹ ደሴቷን ሊወጉበት የጦር መርከባቸውን የሚሠሩበት መዶሻ አላቋርጥ ብሎ፣ በከተማው ረግቶ የሚያስብ ሰው ጠፍቶ ነበር።

ሹሙ ካዊች ለወጉ ያህል ወጌሻዋን ኢሽ ቱትን አስጠራት። አሮጊቷ የሰው አጥንትም የሰው ነገርም የት ጋ እንደተሰበረ ዳብሳ የምታውቅ ናት። የሟቹን ጣቶች አየች፤ አፉን ከፍታ በጣቷ ጠረገችና ቀመሰች። ካዊች ፊቱን አዞረ።

ማቴዎ ጎህ ሲቀድ ከሽማግሌው ጋር ተሻግረው ከእስፓኞሎቹ ጋር ሊነጋገሩ ተቀጣጥረው እንደነበር፣ ሽማግሌው ጀልባዋን ሊያዘጋጅ ማታውኑ እንደወረደ፣ መቁጠሪያውም ከራስጌው እንደጠፋ ነገራት። የሟቹ ሚስት ኢሽ ካብ በዚሁ ጉዞ የተነሳ ባሏን ስትረግመው ማምሸቷን አልካደችም። ልጃቸው ኪትካን፣ የጀልባ ጦረኞቹ አለቃ፣ ሌሊቱን ማሰሪያውን የጠበቀው እሱ ነበር። እንቅልፍ ጥሎኝ ምንም አላየሁም አለ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በሹሙ ደጅ ተሰበሰቡ።

«መቁጠሪያው ከተጨበጠው እጁ ውጭ ነው የተጠመጠመው፤ ጣቶቹ አልያዙትም» አለች ኢሽ ቱት። «እጁ ከደረቀ በኋላ የተደረገ ነው። አፉ ውስጥ ደግሞ የወዲያኛው ዓለም መንገድ ስንቁ አለ፤ ለሟቾቻችን እንደምንሰጠው። ማቴዎ በሕፃንነቱ የተጠመቀ ነው፤ በእነሱ ዘንድ ይሄ ኃጢአት ነው።»

«እንግዲያ ሚስቱ ናታ» አለ ካዊች።

«እሷ ብትሆን የላመ ሊጥ ታጎርሰው ነበር። ይሄ የበቆሎ በሶ ነው፣ በምራቅ የራሰ። በሶ በኮሮጆ ይዞ የሚያድር ጠባቂ ነው፤ ትናንት የነበረው ጠባቂ ደግሞ አንድ ነው። አባቱን ያለ ስንቅ መሸኘት አልሆነለትም።»

ኪትካን አንገቱን ደፋ። «እንዳይሄድ ብዬ ነው የገፋሁት» አለ። «ድንጋዩ ላይ ወደቀ። መቁጠሪያውን ከነጋዴው ራስጌ የወሰድኩትም እኔ ነኝ።»

ካዊች ግን የእስፓኞሎቹ መርከብ ዛሬ ነገ ሐይቅ እንደሚገባ፣ ከኪትካን ሌላ ጀልባዎቹን የሚመራ እንደሌለ ተናገረ፤ ስለዚህ ነጋዴው ይሙትና ነገሩ እዚሁ ይብቃ አለ።

«ታዲያ እኔን ለምን አስጠሩኝ?» አለች ኢሽ ቱት።

ኪትካን የባልጩት ቢላዋውን መዝዞ የማቴዎን ገመድ ቆረጠ። «አባቴን አንዴ ገድዬዋለሁ» አለ። «ይሄንን ሰው ብገድለው ድጋሚ መግደል ነው።» ወደ ሐይቁ አውርዶ በአባቱ ጀልባ አሳፍሮ፣ እስከ ጉልበቱ ውኃ ገብቶ ገፋለት። ተመልሶም እንዲያስሩት እጆቹን ዘረጋ።

ጦረኞቹ ሁሉ በእሱ የሚታዘዙ ናቸው፤ ማንም ንቅንቅ አላለም። ገመዱን ያነሳችው እናቱ ናት። እንባዋ እየወረደ በእጆቹ ዙሪያ ጠምጥማ አሰረችው።

«ጠበቀብህ እንዴ፣ ልጄ?» አለችው።