የጡረተኛው ምላጭ

የሰው ምላጭ እየሳለ የሚኖረው ባለምላጩ በመሳያ ድንጋዩ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ከኋላው የመጣ እጅ አንገቱን ቆርጦታል። ከእግሩ ስር አንድ ታጣፊ የጢም ምላጭ ወድቋል፤ ደም ነክቶታል፣ ቢሆንም እንደ መስታወት ያበራል።

ጡረተኛው ሾፌር ምላጩን እንዳየው አወቀው። የራሱ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ከባለምላጩ ሥር ቁጭ ብሎ ሙያውን እየተማረ ዝገቱን ሲያራግፍ የከረመው እሱ ነው።

የግቢው በር እንደ ወትሮው ተቆልፎ ነበር። ባለምላጩ ደንበኛ ውስጥ እያለም ይቆልፋል፤ ቁልፉ ከአንገቱ አይወርድም። ፖሊሶች ደርሰው ሲያንኳኩም ቁልፉ ከሬሳው አንገት ወልቆ ነው የተከፈተላቸው። ስለዚህ ከውጭ የገባ የለም። ውስጥ የነበሩት ሦስት ናቸው፤ ሾፌሩ፣ ምላጩን ሊያስል የመጣው ፀጉር አስተካካይና የሟቹ ታላቅ እህት።

መርማሪዋ አጠር ያለች፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ሦስቱንም እዚያችው መሥሪያ ክፍል አስቀምጣ በሩ ላይ ፖሊስ አቆመች። መስኮቷ የብረት ፍርግርግ አላት። አርባ ዓመት አገር ሲያቋርጥ ለኖረው ሾፌር ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አምስት እርምጃ ብቻ ቀረው። ቆጠራት። እስር ቤት ከዚህም ትጠባለች ብሎ አሰበ።

«ሰውየው ሲሞት የት ነበራችሁ?»

«ቧንቧው ጋ፣ ድንጋይ ሳጥብ» አለ ሾፌሩ።

«እኔ ከቤቱ ጀርባ ሲጋራ ሳጨስ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ምስክሬ ሲጋራው ነበር፤ እሱም ተቃጠለ።»

«እኔ ከወጥ ቤት ወዴት እሄዳለሁ?» አለች እህትየው። «ሻይ ይዤለት ብመጣ…» እጇን በሰማያዊ ሽርጧ ጠረገች።

«ምኑ ይጠየቃል? ምላጩ የሾፌሩ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ትናንት እንኳ ሟቹ ‹አንተ የመኪና መሪ እንጂ ስለት አይገባህም› ሲለው ሰምቻለሁ።»

«አንተንስ ‹ጆሮ ቆራጭ› ይልህ አልነበር?» አለ ሾፌሩ።

«እኔን በቀልድ ነው። ሰው የሞተው ባንተ ምላጭ ነው።»

ሾፌሩ ወደ መርማሪዋ ዞረ።

መርማሪዋ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ እኔን ጀማሪ ያድርጉኝ። የዛገ ምላጭ ይዤ ብመጣ ምን ይሉኛል?»

ያሾፈችበት መስሎት ቀና አለ። አላሾፈችም።

«መጀመሪያ በደንብ እዪው፣ ልጄ። ከተሰነጠቀ ተዪው፤ አይድንም። ዝገቱን ዘይት አጠጪና አሳድሪው። ከዚያ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ ወደ ርዝመቱ፣ ቀስ እያልሽ ፈትጊው። የሞተር መሳያ አታስነኪው፤ ብረቱ ከጋለ ስለት አይዝም።»

«ከዚያስ?»

«ድንጋይ። ጀርባውም ስለቱም እኩል ተኝተው ይሄዳሉ። በመጨረሻ ቆዳ ላይ ታሻሺዋለሽ፤ ቆዳ ላይ ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል።»

«እርስዎ የት ደርሰዋል?»

«ብርጭቆ ወረቀት ላይ። ድንጋዩን ማጠብ እንጂ መሳል ገና አልፈቀደልኝም።»

«አጥብቆ ያስጠነቀቀዎት ነገርስ?»

«እርጥብ ምላጭ እንዳላጥፍ። አድርቀሽ፣ ዘይት ቀብተሽ ነው የምታጥፊው። የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ነው።»

መርማሪዋ ጓንት አጥልቃ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ተስለው ያለቁ ስምንት ምላጮች በሣጥን ተኝተዋል። አንድ በአንድ ከፈተች፣ አሸተተች፣ ዘጋች። ከዚያ ሦስቱንም ሰዎች ጠረጴዛው ዙሪያ አቆመቻቸው።

ከራሷ አንድ ፀጉር ነቅላ በሾፌሩ ምላጭ ላይ ጎተተችው። ፀጉሩ ታጠፈ እንጂ አልተቆረጠም።

«ያበራል፤ ግን ድንጋይ አላየም» አለች። «ቁስሉ ደግሞ በአንድ ጊዜ፣ ጥርት ብሎ የተቆረጠ ነው። የገደለው ሌላ ምላጭ ነው፤ ይህን ደም አስነክቶ የጣለው ሰው አለ። ሾፌሩ እንደማይቆርጥ ያውቃል። ፀጉር አስተካካዩም በአውራ ጣቱ ነክቶ ይለየዋል። የሚያበራው ሁሉ የተሳለ የሚመስለው ምላጭን በዓይኑ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ነው።»

ሣጥኑን ወደ ጠረጴዛው አመጣች።

«ካለቁት ስምንት ሰባቱ ዘይት ይሸታሉ።» ስምንተኛውን ነጭ ወረቀት ላይ አራገፈችው። ቀላ ያለች የውሃ ጠብታ ወደቀች። «ይህ ታጥቦ፣ እርጥቡን ታጥፏል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ቢገደሉ እንዲህ አያደርጉም፤ እጃቸው እሺ አይላቸውም። እንደ ወጥ ቤት ቢላ ያጠበው ሰው ነው፤ በጨርቅም ጠርጎታል። ማጠፊያው ውስጥ ሰማያዊ ክር ቀርቷል።»

ሁሉም ሽርጡን አዩ።

እህትየው አልካደችም። «ስለት የወንድ ነው እያለ አንድ ቀን አስነክቶኝ አያውቅም» አለች። «ከየት አውቄ?»

«ለምን ገደሉት እትዬ?»

«አሥራ አንድ ዓመት ከዚህ ግቢ አልወጣሁም። እናታችን ስትቀበር እንኳ ቆልፎብኝ ሄደ። ዛሬ ቁልፉን ለመንኩት፤ ቀና ብሎ አላየኝም። ላወልቀው ነበር፤ ደሙ ሲፈስ ሳይ ከአንገቱ ማውጣት አቃተኝ።»

«እኔስ ምን በደልኩዎት?» አለ ሾፌሩ።

«ምንም። በየቀኑ ‹ደህና እደሩ› ትለኝና ትወጣለህ።»

በሩ ተከፈተ። ለሾፌሩ መሄድ እንደሚችል ተነገረው። እህትየው በሁለት ፖሊሶች መካከል ከግቢው በር ደፍ ላይ ቆማ ወደ መንገዱ ማዶ ተመለከተች።

«ይህ ዳቦ ቤት መቼ ተከፈተ?»

ሾፌሩ ከኋላዋ መጣ።

«ስምንት ዓመት ሆነው፣ እትዬ።»

«ሽታው ብቻ ነበር የሚመጣልኝ» አለችና ወደ መኪናው ሄደች።